ገመድ አልባው መቀስና የጋሽ አደሎ አጥር

ስለ ራሴ መናገር አልወድም፤ አንድ ነገር ግን ሳልደብቅ ልንገራችሁ። እኔ መምረጥ እችላለሁ። አቮካዶ ሳልነካ፣ በዓይኔ ብቻ አይቼ፣ የቱ ነገ እንደሚበስልና የቱ እንደ ድንጋይ ደርቆ እንደሚቀር እናገራለሁ። ጓደኞቼ ጫማ ሊገዙ ሲሉ እኔን ይዘው ይሄዳሉ። እኔ የመረጥኩት ጫማ በሳምንቱ አፉን ከፍቶ ከተገኘ ጥፋቱ የቦንጋ ዝናብ ነው እንጂ የመራጩ አይደለም። ይህን ያህል የተመሰከረለት ሰው አንድ የአትክልት መቀስ መምረጥ ያቅተዋል ብሎ የሚጠረጥር ካለ እስከ መጨረሻው ይስማኝ።

ቦንጋ የመጣሁት ከሸዋ ተመድቤ ነው። የመስሪያ ቤቴን ስም አልጠራም፤ ኃላፊው እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ሰላም ይለኛል፣ ሰላምታውን ማጣት አልፈልግም። ዲግሪዬ ላይ ዕፅዋት የሚል ቃል ስላለበት በግቢው ውስጥ ቅጠል ያለው ጉዳይ ሁሉ ወደ እኔ ይመራ ነበር። አንድ ጊዜ በኃላፊው ቢሮ ያለው አበባ መልኩ ጠፋ ተብሎ «ለሚመለከተው ባለሙያ» የሚል ማስታወሻ ደረሰኝ። ሄጄ ባየው አበባው ፕላስቲክ ነው። በእርጥብ ጨርቅ ጠረግኩትና ዳነ፤ የሩብ ዓመት ሪፖርቴም ላይ አስገባሁት። እውነቱን ለመናገር እስከዚያ ድረስ በገዛ እጄ ቅርንጫፍ ቆርጬ አላውቅም ነበር። የተማርኩት ስለ ቅርንጫፍ ነው።

የግቢያችን እውነተኛ ባለሙያ አትክልተኛው ጋሽ አደሎ ነበሩ። የማንኪራ ሰው ናቸው፤ እዚያ የንብ ቀፎ አላቸው፣ በወቅቱም ቡና ይለቅማሉ። ከተማ ውስጥ ደግሞ የእኛን ግቢ ለአሥራ አንድ ዓመት ይዘዋል፣ በየሦስት ወሩ በሚታደስ የጊዜያዊ ሠራተኛ ውል። ግቢውን ዙሪያውን የሚከበውን የቁጥቋጦ አጥር ቀንበጥ በቀንበጥ የተከሉት እሳቸው ናቸው። ቦንጋ ላይ አጥር መከርከም ማለት መጨረሻ የሌለው ሥራ ነው። ዝናቡ አያቋርጥም፤ ከበሩ ጀምረው ዞረው በሩ ላይ ሲደርሱ የጀመሩበት ቦታ አድጎ ይጠብቃቸዋል። ይህን ሁሉ የሚያደርጉት በሁለት እጅ በሚያዝ ትልቅ መቀስ ነበር፤ አንዱ እጀታ ተሰንጥቆ በጎማ ከመነዳሪ ቁራጭ ተጠምጥሟል።

አንድ ጠዋት ጋሽ አደሎ ቢሮዬ ድረስ መጡና የቀኝ እጃቸው አንጓ እያመማቸው መሆኑን ነገሩኝ። የጠየቁት ቀላል ነገር ነው። እጀታው ያልተሰነጠቀ፣ ስለቱ ያልዶለዶመ ሌላ መቀስ እንዲገዛላቸው ብቻ። አሳዘኑኝ። «ለእኔ ይተዉት ጋሽ አደሎ» አልኳቸው። ከዚያ በኋላ ለሆነው ሁሉ ምክንያቱ ይህ አፌ ነው።

ተራ መቀስ እንደ እኔ ላለ ሰው አይመጥንም። ከጥቂት ወራት በፊት ለሥልጠና አዋሳ ሄጄ ባረፍንበት ሆቴል ግቢ ውስጥ አንድ ሰው ገመድ በሌለው መሣሪያ አጥር ሲከረክም አይቼ ነበር። ሰውዬው ጎንበስ ቀና አይልም። እያፏጨ ይራመዳል፣ ቅጠሉም እየተላጨ ይወርዳል። ሥልጠናው ስለ ምን እንደነበረ ረስቼዋለሁ፤ መሣሪያው ግን ከዓይኔ አልጠፋም። የጋሽ አደሎን አንጓ የሚያድነው እሱ ነው ብዬ ወሰንኩ።

ጥያቄው ወደ ኮሚቴ ሄደ። በዚያ ዘመን በእኛ መስሪያ ቤት ያለ ኮሚቴ መርፌ አይገዛም ነበር። እኔ የቴክኒክ ኮሚቴው ሰብሳቢ ሆንኩ፣ የንብረት ክፍሏ እትዬ ዘነበች ደግሞ ፀሐፊ። እትዬ ዘነበች አጭር፣ ዝምተኛ፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ የሚያስቀምጡ ሴት ናቸው፤ ከመጋዘናቸው አንዲት ወረቀት ያለ ፊርማ ወጥታ አታውቅም። ለኮሚቴው ረዘም ያለ ማብራሪያ ሰጠሁ። ገመድ ያለው መሣሪያ መብራት ሲጠፋ ይቆማል፤ ቦንጋ ላይ ደግሞ መብራት ሲፈልግ ይመጣል ሲፈልግ ይሄዳል። ገመድ የሌለው ግን ከመብራት ጋር ምንም ጉዳይ የለውም አልኩ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። እትዬ ዘነበች ብቻ ብዕራቸውን አስቀምጠው ታዲያ በምን እንደሚሠራ ጠየቁኝ። በቴክኖሎጂ ነው አልኳቸው። ቃለ ጉባኤው ላይም እንደዚያው ተጻፈ።

ባትሪ እንዳለው ጠፍቶኝ አይደለም። ግን እንደ እጅ ባትሪ ድንጋይ ሲያልቅ ከሱቅ የሚገዛ ነገር አድርጌ ነበር የማስበው። ማንም ሰው እንዲህ ሊያስብ ይችላል፤ እኔ ደግሞ ከማንም ሰው ትንሽ ቀደም ብዬ አሰብኩት።

ለምርጫ ሦስት ናሙናዎች ከጅማ መጡ። አንዱ ቀይ፣ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ቢጫ። መስፈርቱን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ፤ ሁለት ገጽ ሙሉ ነው። ክብደት፣ ድምፅ፣ አያያዝ፣ ለጥገና አመቺነት፣ ከአካባቢው የአየር ንብረት ጋር ያለው መጣጣም፣ በመጨረሻም ከግቢው በር ቀለም ጋር ያለው ስምምነት። አምስት የኮሚቴ አባላት ሦስቱን መሣሪያዎች ይዘን ወደ አጥሩ ወጣን። ጋሽ አደሎ ግን አልተጠሩም፤ የኮሚቴ አባል መሆን የሚችለው ቋሚ ሠራተኛ ብቻ ነው። መቀሳቸውን ይዘው ራቅ ብለው ቆሙ፣ እኛ በፈተና የነጨነውን ከኋላችን እየተከተሉ ያስተካክላሉ።

ቀዩ ረጅም ነው፣ በሁለቱም ጎኑ ጥርስ ብቻ። በጥገና ዝቅተኛ ነጥብ ሰጠሁት፤ ይህን ሁሉ ጥርስ ማን ይሞርዳል? አረንጓዴው ጩኸቱ ከባድ ነው፣ ሒሳብ ክፍል ያሉት መስኮት ከፍተው ምን ተፈጠረ ብለው ጠየቁ፣ እሱም ወደቀ። ቢጫው ግን ልቤን ወሰደው። አጭር ነው፣ አፉ የወፍ መንቆር ይመስላል፣ እጅ ውስጥ ደግሞ ልክ ይገባል። ኃይሉን ለማሳየት ብዕሬን ከኪሴ አውጥቼ አፉ ውስጥ አስገባሁና ተጫንኩት። ለሁለት ከፈለው። ኮሚቴው አጨበጨበ፤ እትዬ ዘነበች ብዕሩ የመንግሥት ንብረት መሆኑን አስታወሱኝ።

ውጤቱን ስደምር ጋሽ አደሎ ጠጋ ብለው ያ ባለ ብዙ ጥርሱ የአጥር፣ ይኼ ባለ መንቆሩ የቡና ግንድ መቁረጫ እንደሚመስላቸው በቀስታ ነገሩኝ። ይህ ዓይነቱ ነገር በመስፈርት እንጂ በመምሰል እንደማይወሰን በትሕትና አስረዳኋቸው። አመሰገኑኝና ሄዱ።

ቢጫው ተገዝቶ ሲመጣ ሣጥኑን የከፈቱት እትዬ ዘነበች ናቸው። መቀሱን አወጡ፣ መመሪያውን አወጡ፣ ከታች ደግሞ የተጠቀለለ ጥቁር ገመድ አገኙና በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው ፊቴ ላይ ያዙት። ባትሪው በቻርጀር እየተሞላ የሚሠራ መሆኑን ያን ቀን አወቅኩ። ገመዱ የባትሪው እንጂ የመቀሱ አይደለም ብዬ ተከራከርኩ። እሳቸው ሞዴል አሥራ ዘጠኝ ላይ ንብረቱን እንዲህ ብለው መዘገቡ፦ «ገመድ አልባ መቀስ፣ ከነገመዱ፣ ብዛት አንድ።»

መቀሱን ለጋሽ አደሎ ላስረክብ ስል ሌላ ነገር መጣ። ቋሚ ንብረት ፈርሞ ማውጣት የሚችለው ቋሚ ሠራተኛ ነው። ጊዜያዊ ሠራተኛ ዛሬ አለ፣ ነገ ላይኖር ይችላል፣ ንብረቱን ማን ይጠየቃል? እትዬ ዘነበችን ለማሳመን የሞከረ ሰው ሁሉ የተመለሰው ደክሞት ነው። ስለዚህ ሞዴል ሃያ ሁለት ላይ ራሴ ፈረምኩ። የአትክልት መቀሱ በስሜ ወጣ፤ ትንሽ ቀን ነው፣ ሥርዓቱ ይስተካከላል ብዬ ለጋሽ አደሎም ቃል ገባሁላቸው።

በዚያው ሳምንት የሩብ ዓመት ግምገማ ነበር። ኃላፊው ተነሥቶ ስሜን ጠራ። ዘመናዊ ቴክኖሎጂ ወደ ግቢው ያስገባ ባለሙያ ብሎ አሞገሰኝ። ዘመኑ ምርጥ ተሞክሮ የሚቀመርበት ዘመን ነበር፣ እኛ ደግሞ የሚቀመር ነገር ካገኘን ቆይተናል። ዓርብ ከክልል የልምድ ልውውጥ ቡድን እንደሚመጣና መቀሱን እንደምናሳይ አስታወቀ። ቀጥሎም መሣሪያው በባለሙያው እጅ ስለሆነ የሰው ኃይል ይቆጠባል፣ ማክሰኞ የሚያልቀው የአትክልተኛው ውል አይታደስም አለ። ቤቱ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። ነገሩ የገባኝ እጄን ካወረድኩ በኋላ ነው።

ማክሰኞ ጋሽ አደሎ ደብዳቤያቸውን ተቀብለው ወጡ። በቢሮዬ በር አላለፉም። በመስኮት ሳያቸው መቀሳቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው አጥሩን በእጃቸው እየዳበሱ ወደ በሩ ይሄዱ ነበር።  የሰው አንጓ ላሽል ተነሥቼ የሰው እንጀራ ቆርጫለሁ፣ ይህንንም በሁለት ገጽ መስፈርት።

ቢሆንም በራሴ መተማመኔ አልተነካም። ረቡዕ ዕለት አጥሩን ራሴ እጨርሰዋለሁ ብዬ ተነሣሁ። መብራት ከጠፋ አራተኛ ቀኑ ነበር። ባትሪውን ይዤ ጄኔሬተር ወዳለው ሆቴል ሄድኩና ቻርጀሩን ሰክቼ ተቀመጥኩ። ባትሪው እስኪሞላ ሦስት ሻይና አንድ ጥብስ ወሰደብኝ፤ አስተናጋጇ ምን ዓይነት ስልክ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ወደ ግቢ ተመልሼ ሥራ ጀመርኩ። ያ የወፍ መንቆር አንድ ቀንበጥ ይነክሳል፣ ይቆርጣል፣ አፉን ይከፍታል፤ ሌላ ቀንበጥ ይነክሳል፣ ይቆርጣል፣ አፉን ይከፍታል። አዋሳ ያየሁት ሰው ይራመድ ነበር፤ እኔ አንድ ቦታ ቆሜ ዋልኩ ማለት ይቻላል። ባትሪው ሲሞት ሦስት ሜትር ያህል ሠርቻለሁ። ያቺን ሦስት ሜትር ራቅ ብዬ ሳያት ፍየል ገብቶ የወጣባት ትመስላለች። የቀረውም አጥር የቦንጋን ዝናብ ጠጥቶ ወደ ላይ እየወጣ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ጋሽ አደሎ ቤት ሄድኩ። የከተማው ዳር ላይ ነው የሚኖሩት። ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው አሮጌ ቀፎ ሲጠግኑ አገኘኋቸው። በመንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፣ ሦስት ነጥብና መደምደሚያ ያለው። እንዳየኋቸው አንዱም አልወጣኝም። ጋሽ አደሎ ቀና ብለው አዩኝና ቀስ ብለው ተናገሩ።

«ልጄ፣ እጄን አመመኝ አልኩህ እንጂ ቁረጥልኝ አልኩህ?»

 ያፈርኩትን ማፈር እስከ ዛሬ አልረሳውም፤ ዲግሪዬም መስፈርቴም ያን ጊዜ ምንም አልረዱኝም። ከዚያ በኋላ ያልጠበቅኩትን አደረጉ። ቀፎውን ወደ ጎን አድርገው ተነሡና መቀሳቸውን አነሡ። ለኃላፊው ብለው አይደለም፣ ለእኔም ብለው አይደለም። አጥሩን የተከሉት እሳቸው ናቸው፣ እንግዳ ፊት እንዲያ ተንጨብርሮ እንዲታይባቸው አይፈልጉም፤ ያሉኝ ይህን ብቻ ነው።

በሩ ላይ ጥበቃው አስቆመን። ጋሽ አደሎ ከማክሰኞ ወዲህ ሠራተኛ አይደሉም፣ ስለዚህ እንደ ማንኛውም ባለጉዳይ መመዝገብ አለባቸው። ለአሥራ አንድ ዓመት በየጠዋቱ ሰላም ያላቸውን ሰው ስም ጠይቆ ጻፈ። የመጡበት ጉዳይ በሚለው ቦታ ላይ «አጥር» ብሎ ሞላ፤ የሚያነጋግሩት ሰው በሚለው ላይ የእኔን ስም። ጋሽ አደሎ ያን ቀን ሙሉ አጥራቸውን አነጋገሩ፣ በየጊዜው አንጓቸውን በጨርቅ እያሰሩ። እኔ ቅጠሉን እየሰበሰብኩ አወጣሁ። ዓርብ ረፋድ ላይ ከሦስቷ ሜትር በስተቀር አጥሩ በክር የተለካ ይመስል ነበር። ሦስቷን ሜትር ግን እሳቸውም አላዳኗትም፤ የሚከረከም ነገር አልቀረባትም።

እንግዶቹ መጡ። የቡድኑ መሪ ቁመታቸው ዘለግ ያለ፣ ማስታወሻ ደብተር ከእጃቸው የማይለይ ሴት ናቸው። አጥሩን አዩና ቆሙ። እጃቸውን በላዩ ላይ አሳለፉ። ኃላፊው ይህ ሁሉ በአንድ መሣሪያና በአንድ ባለሙያ የተሠራ መሆኑን አስረዳ፣ እኔን ወደ ፊት ገፋ አደረገኝ፣ ሦስቷን ሜትር ደግሞ በትልቅ ሰውነቱ ጋረዳት። ሴትዮዋ በጣም ደስ አላቸው። ይህ ተሞክሮ በአስቸኳይ ተቀምሮ ወደ ሌሎቹ ከተሞች፣ ወደ ዋጫም ወደ ቢታ ገነትም ይወርዳል፣ የባለሙያውም ስም በሰነዱ ላይ ይስፈር አሉ።

ስሜ በሰነድ ላይ እንዲሰፍር ከተወለድኩ ጀምሮ እመኛለሁ። ይህን አልዋሽም። ግን ዋጫ ያለው መስሪያ ቤት አትክልተኛ ትዝ አለኝ፤ አላውቀውም፣ ግን አንድ ሰው መኖሩ አይቀርም፣ እሱም አንጓ አለው። ቢታ ገነትም አንድ አለ። ሁሉም ማክሰኞ ማክሰኞ ደብዳቤ ሲቀበሉ ታየኝ፣ ሁሉም ደብዳቤ ላይ የእኔ ስም። ጋሽ አደሎ ከበሩ አጠገብ ቆመዋል፤ እንግዳ ስለሆኑ ጥበቃው ከዚያ እንዳያልፉ ነግሯቸዋል።

«ማሽኑ የሠራው ኃላፊያችን የቆሙበትን ሦስት ሜትር ነው» አልኩ። «ሌላውን የሠሩት እኚያ ሰውዬ ናቸው። ውላቸው ማክሰኞ ተቋርጧል።»

በሥራ ዘመኔ ካደረግኳቸው ማብራሪያዎች ሁሉ አጭሩም ትክክለኛውም ይኸው ነው። ሴትዮዋ ኃላፊውን ፈቀቅ እንዲል ጠየቁት። ሦስቷን ሜትር አዩ፣ ረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ ወደ በሩ ሄደው ጋሽ አደሎን ስንት ዓመት እንደሠሩ ጠየቋቸው። አሥራ አንድ አሉ። በምን ቅጥር ሲሏቸው በጊዜያዊ አሉ። ሴትዮዋ ማስታወሻ ደብተራቸውን ዘጉና ወደ ኃላፊው ዞረው፣ አሥራ አንድ ዓመት የቆየ ነገር ጊዜያዊ የሚባለው በየትኛው መመሪያ እንደሆነ ጠየቁ። ኃላፊው አሳለው።

ጋሽ አደሎ በዚያው ሰሞን ተመልሰው ገቡ፤ ወር ሳይሞላም ቋሚ የሆኑበት ደብዳቤ ወጣ። በቀጣዩ ግምገማ ለእኔ የተሰጠኝ ነጥብ ዝቅተኛ ነበር፤ ከልክ ያለፈ በራስ መተማመን አለበት ተባልኩ። ይህንንም በሙሉ መተማመን ተቀበልኩ። እትዬ ዘነበች ጋሽ አደሎን ቢጫውን መቀስ እንዲረከቡኝ ጠሯቸው፣ አሁን መፈረም ይችላሉና። ጋሽ አደሎ ግን መጀመሪያ ሌላ ነገር ጠየቁ። ቋሚ ሠራተኛ የዓመት ፈቃድ አለው ሲባል ሰምተዋል፣ እውነት ነው ወይ? እውነት ነው አሏቸው እትዬ ዘነበች፣ መነጽራቸውን አውልቀው።

በዚህ ጊዜ ነው አንድ ነገር የገባኝ። እኚያ ሰው በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን አርፈው አያውቁም። በየሦስት ወሩ ውሌ ይታደሳል አይታደስም እያሉ፣ ዝናቡ ባላረፈ ቁጥር እሳቸውም ሳያርፉ፣ በዚያ አንጓ ይከረክማሉ። እኛ የፈለግንላቸው መሣሪያ ነበር። እጅ የሚያሽለው ዕረፍት መሆኑን ከአምስት የኮሚቴ አባላት አንዱም አላሰበም፤ ሰብሳቢው እኔ ነበርኩ።

ማር የሚቆረጥበት ወቅት ደርሶ ነበርና ጋሽ አደሎ የፈቃድ ቅጻቸውን ሞልተው ወደ ማንኪራ፣ ወደ ቀፏቸው ሄዱ። እስኪመለሱ ድረስ ንብረቱ በስሜ ነው፣ ግቢውም ወደ እኔ ተመራ። እነሆ በየጠዋቱ መብራት ካለ ባትሪውን እየሞላሁ፣ ከሌለ ሆቴል እየሄድኩ፣ አንድ ቀንበጥ በአንድ ቀንበጥ ስነክስ ሰነበትኩ። በሥራዬ እተማመናለሁ። በእርግጥ አጥሩ ከቀን ወደ ቀን መልኩ እየተለወጠ ነበር፤ አንዳንዱ ቦታ ላይ በግቢው ውስጥ ያለው ሰው ከመንገድ መታየት ጀምሯል።

አንድ ቀን ጋሽ አደሎ ማራቸውን ይዘው ወደ ገበያ ሲወርዱ በአጥሩ በኩል አለፉ። ቆም አሉ። ከዚህ ጫፍ እስከዚያ ጫፍ በዝግታ ተመለከቱት። እኔ መቀሱን ይዤ ፍርድ እንደሚጠብቅ ሰው ቆሜያለሁ። እጃቸው ወደ አንድ የተንጠለጠለ ቀንበጥ ሄደ፣ ያዘው፣ መልሶ ለቀቀው።

«አይዞህ ልጄ» አሉኝ። «ቅጠል ነው፣ ያድጋል።»

ማራቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካክለው ወደ ገበያ ወረዱ። አጥሩን እንዲያ ሆኖ አይተው ምንም ሳያደርጉለት ሲያልፉ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ የመጀመሪያቸው ነበር።